የእናቴ ሰርዶና የዚያ ዓመት እንግጫ

ክረምት ገና ሳይገባ ነው የሚደክመኝ። ሰው ደመና ሲያይ እህል ያስባል፤ እኔ ሙጃ አስባለሁ። የግንቦት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ጎረቤቶቻችን "ተመስገን" ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ወገቤን እይዛለሁ። ይህን ልማድ ያወረሰችኝ እናቴ ናት፤ ከእናቴም በፊት ሰርዶዋ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ ጓሮውን ለድንች፣ ደጁን ለሰርዶ ለዩት። ድንቹ ከአባቴ ጋር ቀረ፤ ሰርዶው ግን ለእናቴ ተረፈ። መሬት ላይ ተጣብቆ የሚሄድ፣ ቢረግጡት የማይከፋው፣ አጭርና ድፍን ያለ ሣር ነበር። ማኅበር ሲደርሰን ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበትም ደጁ ጠባብ ከሆነ ድንኳኑ እኛ ዘንድ ይተከላል። በሰፈሩ "ባለ ሰርዶዋ" ሲሏት እናቴ ያልሰማች መስላ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ደስ ሲላት የምታደርገው እንደዚያ ነበር።

እኔ ሉማሜ ከተማ አግብቼ፣ እዚያው አንደኛ ደረጃ እያስተማርሁ ብዙ ዓመት ኖርሁ። ልጅ አልወለድሁም። ከባሌ ጋር በሰላም ተለያየን፤ ሁለታችንም ለጠብ የሚሆን ጉልበት ያልቀረን ይመስለኛል። ወደ ማርቆስ ዝውውር አግኝቼ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ደጅ ስደርስ፣ ሞባይል ገና ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን፣ እናቴ አቅፋ ሳመችኝና "እንኳን መጣሽ፣ ሙጃው ሊበላኝ ነው" አለችኝ። ወንድሞቼ ሲመጡ እንግዳ ናቸው፣ በግ ይታረድላቸዋል። ተመልሳ የመጣች ሴት ልጅ ግን እንግዳ አትሆንም፤ እጅ ትሆናለች።

ሙጃን ለማያውቀው ልንገረው። ሰኔ ላይ ብቅ ሲል ለስላሳ፣ አንጀት የሚበላ ቅጠል ነው። ሰርዶ መካከል ተደብቆ ትንሽ ይሰነብታል። ከዚያ እግሩን በየአቅጣጫው ይዘረጋና ሰርዶው ላይ ይተኛበታል። ካልነቀሉት ነሐሴ ላይ ያፈራል፤ ጥቅምት ላይ እሱ ይደርቅና የተኛበት ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ዘሩ ግን መሬት ውስጥ ሆኖ ሰኔን ይጠብቃል። በማጭድ ቢያጭዱት ይስቃል። ከሥሩ በእጅ መነቀል አለበት፤ ያውም መሬቱ ሲረጥብ፣ ማለትም ሰው ቤቱ ተቀምጦ እሳት በሚሞቅበት ሰዓት።

ድሮ ይህን የምትሠራው እናቴ ነበረች፤ እኔ ስመለስ ግን ወገቧ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ስለዚህ ሥራው ተከፈለ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ ትጠቁማለች፣ እኔ ተንበርክኬ እነቅላለሁ። ከትምህርት ቤት፣ በሐምሌና በነሐሴም ከክረምት ማጠናከሪያው፣ የተማሪ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ እንደሞላ እመጣና ጫማዬን ቀይሬ እንበረከካለሁ።

"እዚያ ጋ ትተሽዋል" ትለኛለች።

"አይቼዋለሁ እማዬ።"

"ካየሽው ለምን ተውሽው? ከሥሩ ንቀይው እንጂ፣ ጠጉር መሰለሽ የምትቆነድጅው?"

ከተቀመጠ ሰው የሚበልጥ አራሚ የለም። አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራት ሳቀችና ምርኩዟን ወደ ሌላ ሙጃ አዞረች። አመስግናኝ አታውቅም። እኔም ደከመኝ ብያት አላውቅም። በቤታችን ድካም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ግቢያችን ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ፣ ከአጥሩ ሥር ውኃ የሚያዠው ረግረግ ቢጤ አለ። እንግጫ የሚበቅለው እዚያ ነው። እንግጫ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ሥሩ ሲነቀል ደስ የሚል ሽታ ያለው ነገር ነው። በእኛ አገር አዲስ ዓመት ሊብት ሲል ልጃገረዶች ተሰብስበው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑትና በበዓሉ ጧት በየቤቱ እየዞሩ ምሰሶው ላይ፣ የአባት የእናት ራስ ላይ ያስሩታል። በሰፈራችን ልማድ ዙሩ የሚጀመረው እንግጫው ከተነቀለበት ደጅ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጥሩ እንግጫ ያለው ከእኛ ግቢ ስለነበር፣ የዘመን መለወጫ ጧት ዘፈኑ መጀመሪያ የሚሰማው እኛ ቤት ነበር።

እናቴ ያን ቀን ሌላ ሰው ናት። ክረምቱን ሙሉ ከወገቧና ከሙጃዋ በቀር ወሬ የሌላት ሴትዮ፣ ነጭ ለብሳ፣ ዳቦውን ቆርሳ በጨርቅ ሸፍና፣ መደቡ ላይ ቁጭ ትላለች። ልጃገረዶቹ ተራ በተራ ገብተው እንግጫውን ራሷ ላይ ያስራሉ። እሷም እጇን በእያንዳንዷ ራስ ላይ እየጫነች "እደጊ፤ እንደ እንግጫው በየዓመቱ ብቀይ" ትላቸዋለች። የራሷ ምርቃት ነው፣ ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። ከዚያ ዳቦውን ታድላለች፤ ትልቁ ቁራሽ እንግጫውን መጀመሪያ ላሰረችላት ልጅ ነው። "እንግጫዬን ሳላስር ዘመን አይለወጥልኝም" ትል ነበር፣ ቀልዷን አልነበረም። መስከረም ለእሷ የሚጠባው በዚያ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ነበር ክረምቱን የምትችለው።

እኔም በልጅነቴ ከነቃዮቹ አንዷ ነበርሁ፤ እኔንም እንደዚያው ትመርቀኝ ነበር። ያገባች ሴት ግን እንግጫ አትነቅልም። አግብታ የፈታችው ደግሞ ከየትኛውም ወገን አትቆጠርም። ስለዚህ ከተመለስሁ ወዲህ በበዓሉ ጧት የእኔ ሥራ ሻይ ማፍላትና የልጆቹን ጭቃማ ጫማ በር ላይ መደርደር ነበር።

በአንዱ ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም እንደገባ፣ አምበር ገጠር የሚያርሰው የእናቴ ወንድም ልጅ የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ መጣ። በጀርባ የሚታዘለውን፣ በእጅ እየተነፋ የሚረጨውን ማለቴ ነው። የመርጫው አፍ ተበላሽቶበት ከተማ ሊያሠራው መጥቶ ተሠርቶለት ሲመለስ ነው እኛ ጋ የደረሰው። የጤፉን የአረም መድኃኒትም ያን ዕለት ገዝቶ ይዞታል። እናቴ ሽሮውን እስኪበላ ቀርቶ መርጫውን እስኪያወልቅ እንኳን ጊዜ አልሰጠችውም።

"ይኸ ነገር ሙጃ ይገድላል?" አለችው።

"አይ አክስቴ። ይኸ የሚገድለው ቅጠላ ቅጠሉን ነው እንጂ ሣር አይነካም። ጤፉ የሚተርፈውም ለዚያ ነው። ሙጃም ሣር ነው፣ እኛም ብንሆን እሱን በእጃችን ነው የምናርመው።"

"ሁሉንም የሚገድል አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አለ። እሱ ደግሞ ሰርዶዎንም ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ሙጃ እኮ ሳይበቅል ነው መያዝ ያለበት፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ሳለ። ለዚያም መድኃኒት አለው ይላሉ፣ እኛ ዘንድ ግን እስካሁን አልደረሰም።"

እናቴ አሰበች። ሰርዶው ውስጥ ከሙጃው ሌላ ማገጥና ቱልት የሚባሉ ቅጠላ ቅጠል አረሞችም ሞልተው ነበር፤ ማገጡ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ቱልቱ ሥሩን ሰዶ በዶማ እንኳን አይወጣም።

"ይኸኛው ሰርዶዬን አይነካም ብለሃል?"

"አይነካም።"

"እንግዲያው ርጨው።"

"አክስቴ፣ ሙጃውን ግን..."

"ሰምቻለሁ። ይቺ ልጅ ወገቧ ሊቆረጥ ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየመጣች ጭቃ ውስጥ። ግማሹንም ቢገድልላት ግማሽ ዕረፍት ነው።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰሃን እየጠረግሁ ነበር። ስለ ወገቤ ስታነሣ የሰማኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ማድቤቱ ገባሁ፤ ለካ ነጠላ ማስተካከልም ይወረሳል።

በማግሥቱ ጧት ነፋሱ ሳይነሣ ረጨው። አፉንና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ዶሮዎቹን አስገብቶ፣ "በግ እንዳታገቡበት፣ ልጆችም ይጠንቀቁ" ብሎን፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ታች እየተመላለሰ ወረደ። ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። እናቴ ከመስኮቱ ሆና "እዚያ ጋ ትተኸዋል" እያለች ትመራዋለች። እሱም ጎበዝ ሰው ነው፣ ሲጀምር አይጎድልበትም፤ ቁልቁል ወርዶ እስከ አጥሩ ሥር፣ እስከ ረግረጉ ድረስ ረጨው።

እዚያ ጋ ተው ያለው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀም። ስለ ማገጡ አሰብን፣ ስለ ቱልቱ ተነጋገርን፣ ስለ ሙጃው ተከራከርን፣ ስለ ዶሮዎቹ ተጨነቅን። እንግጫን አረም ብሎ የሚጠራ ሰው ግን በአገራችን የለም። እንግጫ የበዓል ነገር ነው፤ አረም ስናወራ አፋችን ላይ አይመጣም። አንድ ሰው እንኳን አረም ብሎ ሰድቦት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።

በሳምንቱ ቱልቱ አንገቱን አጣመመ፣ ማገጡም ጠወለገ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችም። በምርኩዟ እያገላበጠች "እይው፣ እይው፣ ሰርዶዬ ንክች አላለ" ትለኛለች። ሙጃው ግን ጎረቤቶቹ ሲሞቱለት ሰፊ ቦታ አገኘ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ቀድሞውንም የሚችለው አልነበረም፤ አሁንማ ደለበ። ስለዚህ እኔ ያው ተንበረከክሁ። ግማሽ ዕረፍቱ የእናቴ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ቀረ። ያን ነሐሴ የደከመኝን ድካም መናገር አልችልም፤ ክንዴ አልነሣ ብሎኝ ከሰሌዳው ታች ላይ ብቻ እጽፍ ነበር፣ ሌሊት ደግሞ በሕልሜ ሙጃ እነቅላለሁ። አንዳንዴ እናቴን እጠላታለሁ ብዬ እፈራ ነበር። ወዲያው ደግሞ ስለ ወገቤ ያለችው ትዝ ይለኝና ንዴቴን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ጳጉሜን ገባ። እናቴ እንደ ወትሮዋ እንግጫዋን ልታይ ምርኩዟን ይዛ ወደ ታች ወረደች፣ እኔም ክንዷን ደግፌ ወረድሁ። ረግረጉ ቢጫ ሆኗል። እንግጫው ተጠማዝዞ፣ እርስ በርሱ ተኝቶ፣ ነጭ አበባ የሚባል አንድም የለበትም። በመካከሉ ሙጃ ብቻ ለምለም ሆኖ ቆሟል።

"ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

ክንዷን አጥብቄ ያዝሁ። ራሷ እስክትደርስበት ነው የጠበቅሁት። አንዱን በምርኩዟ አገላብጣ "መድኃኒቱ ነው" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ሥሩ ይኖር ይሆናል። ሌላ ዓመት ይመለሳል" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሌላ ዓመት የሚለውን ቃል በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው በቀላሉ አይናገረውም።

በዋዜማው ልጃገረዶቹ እንደ ልማዳቸው እየተሳሳቁ መጡ። እናቴ ከእነሱ ቀድማ ደጅ ወጥታ ቆማ ነበር።

"ልጆቼ፣ ዘንድሮ እንዳትነኩት። መድኃኒት ተረጭቶበታል። እጃችሁን እንዳያገኛችሁ" አለቻቸው።

"ታዲያ የት እንንቀል እማማ?" አለች ትልቋ።

"ወንዙ ዳር አለ። እዚያ ሂዱ።"

ራሷ ላከቻቸው። መድኃኒቱ ከተረጨ ብዙ ቆይቷል፣ ምናልባት ምንም አይሆኑም ነበር፤ እሷ ግን በሰው ልጅ አትቀልድም። ልጆቹ ቅር እያላቸው ወረዱ። ወንዙ ዳር የነቀለ ሰው ዙሩን የሚጀምረው ከወንዙ ማዶ ካሉት ቤቶች እንደሆነ፣ እኛ ዘንድ መድረሱም አጠራጣሪ እንደሆነ እናቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

በበዓሉ ጧት ዝናብ ያዘው። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ዳቦዋን ቆርሳና ሸፍና፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ ከማዶ ተሰማ። ቀረብ ይላል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይሰማል። ዝናቡ ሲብስ ጠፋ። "ይመጣሉ፣ ዝናቡ ይዟቸው ነው" አለችኝ። እኔ ሻዩን አሞቅሁት። ቆይታ ደግሞ "ጫማቸውን የምትደረድሪበትን ጨርቅ አንጥፊ፣ ጭቃው አይጣል ነው" አለች። አነጠፍሁት። ረፋዱ አለፈ። አንድ ጊዜ ደጁ ላይ ኮቴ ሲሰማ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ራሷን አዘጋጀች፤ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ልትለን የላከችው ልጅ ነው። ወደ እኩለ ቀን ነጠላዋን አውልቃ አጠፈችው። ሳጥኗ ላይ አስቀምጣው መደቡ ላይ ጋደም አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ንዴት ያዘኝ። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም። በልጆቹ? እነሱ ምን አደረጉ፣ የተባሉትን ነው ያደረጉት። በአጎቴ ልጅ? እሱ ሣር አይነካም ብሏል፣ ሣርም አልነካ፤ እንግጫ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። በእናቴ? እሷ ይህን ሁሉ ያመጣችው ለእኔ ወገብ ብላ ነው። ይህ ነበር ይበልጥ ያቃጠለኝ። ሳልጠይቃት ለእኔ ብላ ከፈለችልኝ፣ ያውም ያላትን አንዷን ቀን፣ ያውም ለማይሠራ መድኃኒት። የክረምት ጫማዬን አድርጌ፣ ላስቲክ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ወንዙ ዳር ልጆቹ ያገኙትን ነቅለው ሄደዋል። የቀረው ከብት የረገጠው ነው። ተንበርክኬ ስፈልግ ከብቶቹን ውኃ ያጠጣ የነበረ የሰፈራችን ሽማግሌ አየኝና፣

"ምነው የኔ ልጅ፣ ዘንድሮ ልንድርሽ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ሙጃ ማረም የማይደክመው ካገኙልኝ እሺ" አልሁት።

"እንዲህ ያለ ወንድ እንኳን በእኛ ቀበሌ በወረዳውም የለ" ብሎ ሲስቅ ቆየና፣ በዱላው አንድ አጥር ጥግ አሳየኝ። "እዚያ ጋ ትንሽ አለ፣ በሬው ያልደረሰበት።" እንደ እናቴ በዱላ የሚጠቁመኝ ሰው አላጣም። ቢሆንም አገኘሁ፤ በሁለት ጣት የሚያዝ፣ አበባው ግማሹ የረገፈ። አደይም ሁለት ሦስት ዘለላ ጨመርሁበት።

ስመለስ እናቴ እንደተውኋት ነበረች። ከላስቲኩ ላይ ውኃ እየወረደ መካከል ቤት ቆምሁ። ዘፈኑን ልዘፍነው አፌን ከፈትሁና መልሼ ገጠምሁት። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ብቻዋን ቆማ የልጃገረድ ዘፈን ስትዘፍን ምን እንደምትመስል ታውቁታላችሁ። ከእንግጫው ትንሽ ከፍዬ ምሰሶው ላይ አሰርሁ። ከዚያ ወደ እሷ ስሄድ ዞራ አየችኝ። እጄን አየች፣ ጭቃማ ጉልበቴን አየች። ተነሥታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከሳጥኑ አንሥታ ለበሰችና ራሷን ጎንበስ አደረገችልኝ። ጠጉሯ ሳስቶ ነበር፤ እንግጫው የሚታሰርበት አጥቶ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

አስሬ ስጨርስ እጇን አነሣችና እርጥብ ራሴ ላይ ጫነችው።

"እደጊ" አለች።

ቆም አለች። ማንን እየመረቀች እንደሆነ የታወቃት ያኔ ይመስለኛል። ታስተካክለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ለእኔ የሚሆን፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ጤና ይስጥሽ የሚል ነገር ትፈልጋለች ብዬ። አልፈለገችም። እጇን ጠበቅ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው።

"እደጊ፤ እንደ እንግጫው በየዓመቱ ብቀይ።"

ጉልበቷ ላይ ራሴን ጥዬ አለቀስሁ። ለእንግጫው አልነበረም። ለሉማሜም፣ ለባሌም፣ ላልወለድሁት ልጅም ብቻ አልነበረም። እሷም የምን ልቅሶ ነው በበዓል አላለችኝም።

"ደክሞሻል" አለችኝ።

"ደክሞኛል እማዬ" አልኋት።

ከተመለስሁ ወዲህ ይህን ስላት መጀመሪያዬ ነበር። ዳቦውን ገልጣ ትልቁን ቁራሽ አንሥታ ሰጠችኝ። ልነሣና ሻይ ላቅርብ ስል በምርኩዟ አስቀመጠችኝ፤ "ተቀምጠሽ ብዪ" ብላ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በበሩ ሰርዶው ይታያል፤ ሙጃው ላዩ ላይ ተንፈላስሶ ዘሩን አንጠልጥሏል።

"ተይው" አለችኝ፣ ዓይኔን ተከትላ።

ያን ሳምንት አላረምሁትም፤ የሚቀጥለውንም። እሷም ምርኩዟን አላነሣችም። እያንዳንዱ ዘር ለሚመጣው ሰኔ መሬት እንደሚገባ እያየን፣ ደጅ በርጩማዎቻችን ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ሞቅን።